ጠርዙ ወጣ ያለው ብርጭቆ

ሻዩን ጠጥቶ ሲያበቃ የብርጭቆውን ቂጥ ገልብጦ የሚመረምር ሰው ወይ ነጋዴ ነው ወይ ሌባ። ዕድሜዬን ሙሉ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ ገበያ አጠገብ ሻይ ስሸጥ ኖሬ፣ ከእነዚህ ውጭ ብርጭቆ የሚገለብጥ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም ሞተ ተብሎ ከተነገረኝ ቆይቷል። ስለዚህ ባለፈው ሰሞን፣ ዝናቡ አባርቶ የሰሊጡ አቧራ ገና መነሳት ሲጀምር፣ አንድ ጎበጥ ያለ ሽማግሌ ከዳሴ ሥር ገብቶ፣ ሻዩን ጨልጦ፣ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ቂጡን ሲያገላብጥ ሳይ፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ማንኪያዎቼን ወደ እኔ መሰብሰብ ነው።

«ዘርፌ፣ አላወቅሽኝም?» አለኝ።

ስሜን ማወቁ አልደነቀኝም። ስሜን የገበያው አህያ ሳይቀር ያውቀዋል። «ማን ልበል አንቱን?» አልኩት። የማላምነውን ሰው አንቱ ማለት እወዳለሁ፤ በመካከላችን አጥር እንዳጠርኩ ያህል ይቆጠራል።

«አድማሱ ነኝ። ኡስታ አድማሱ። ይህን ብርጭቆ የሠራሁት።»

እዚህ አገር እጁ ጥበብ የያዘውን ሰው ኡስታ ነው የሚሉት። «ኡስታ አድማሱ ሞቷል» አልኩት።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለና ሳቀ። የፊት ጥርስ የለውም። እኔ የማውቀው አድማሱ ጥርሱ ሙሉ፣ ጠጉሩ ጥቁር፣ ቁመናው ቀጥ ያለ ነበር። ይህን ሰው ከእሱ ጋር የሚያገናኘው ብርጭቆ መገልበጡ ብቻ ነው፤ ብርጭቆ መገልበጥ ደግሞ ማንም ይማረዋል።

ካርቱም በጦርነቱ የሆነችውን ከሆነች ወዲህ ከተማችን የማታውቀው ፊት ሞልቷታል። ሐኪም ነበርኩ የሚል አለ፣ ባለ ሕንፃ ነበርኩ የሚል አለ፣ ሁሉም የነበረውን ይዞ የመጣው በአፉ ነው። እውነታቸው ሊሆን ይችላል። ግን ሰውን ማመን ቀብሮ ነው። የጸጥታ ሰዎችም እንደኔው ናቸው መሰለኝ፤ አዲስ መጤ ሁሉ ሰላይ ይመስላቸዋል። በየሰፈሩ ከሻ፣ ድንገተኛ ፍተሻ፣ እያሉ ሰው ያፍሳሉ፣ ከተማው ውስጥ የኖረ ነባር ሰው «አውቀዋለሁ» ብሎ ዋስ ያልሆነለትን መኪና ላይ ይጭናሉ። መኪናው ወደ ካምፕ ይሂድ ወደ እስር ቤት የሚያውቅ የለም።

«ነገ ጠዋት ይመጣሉ» አለኝ ሽማግሌው፣ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ እያስቀመጠ። «ያረፍኩበት ግቢ ያሉት ሁሉ ዋስ አግኝተዋል። እኔ የለኝም። በዚህ ዕድሜዬ ከጫኑኝ እመለሳለሁ አልልም፣ ዘርፌ። ገዳሪፍ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ቢኖር አንቺ ነሽ።»

«ኧረ ምን በወጣኝ!» አልኩት። ለማንም ዋስ ሆኜ አላውቅም። የእናቴ ልጅ ወንድሜ በአህያ ነገር ተይዞ ሲለምነኝ እንኳ አልሆንኩለትም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሰምቼ ሳይሆን ወድቄ ነው የተማርኩት። ነገር ግን ያ ሽማግሌ በምበሯ ላይ፣ በጠፍር በተጠለፈችው ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ፣ የሰሊጡ አቧራና የቅርንፉዱ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሲሞላው፣ ሳልፈልግ ወደኋላ ሄድኩ።

ያኔ ሻይ በጊርሽ፣ በሳንቲም ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ሻይና ዝላቢያ የሚቀምስበት የኖት እስር ያኔ የሰባ ሙክት ይገዛ ነበር፤ እንዲህ ስል ሳራ ትስቅብኛለች። ሳራ አጠገቤ ዝላቢያ፣ ያን ጣፋጭ ሊጥ፣ የምትጠብሰው ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን ጀምራ በዐረብኛ የምትጨርስ። ያኔ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ያለው መንገድ አስፋልት አልነበረውም፤ ከሩቅ የሚታየው የእህል ጎተራ ብቻ ነጭ ሆኖ ቆሞ፣ ሥሩ ያለው ሁሉ ከጥቁር ጭቃ የተሠራ ይመስል ነበር። እኔ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉትን ባለ አበባ ቶብ መልበስ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ አገር ቤት ቢያዩኝ ሃይማኖቷን ለወጠች ይሉኛል እያልኩ እየፈራሁ። የባሱንዳና የሀዋታ እርሻ ሥራ ሲጀምር ሳሉጎቹ ይጎርፋሉ። ሳሉግ የምንለው ከጎንደር ቆላና ከመተማ ወዲያ ለአጨዳ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ ነው። አረንጓዴ ቁምጣ፣ ኮንጎ ጫማ፣ ትከሻ ላይ የተጠቀለለ ጋቢ፤ ሁሉም አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስሉ ነበር። ጥጉ ላይ የነበረው ካሴት ሻጭ ሱዳናዊ ነው፤ ቃሉ ሳይገባው የእኛን የክራር ዘፈን ከፍ አድርጎ ይከፍተዋል፤ እነዚያ ጎረምሶች ደግሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያለቅሳሉ። ዛሬ ያ ጥግ የስልክ መጠገኛ ሆኗል። የሚያለቅስበት የለም፤ ሁሉም ስልኩን ይዞ ብቻውን ነው የሚያለቅሰው።

ሳሉግ ታዲያ ሻይ ይወዳል፤ ግን ሻይ አያምንም። የወቅቱን ደመወዝ ቁምጣው ውስጥ ሰፍቶ የሚዞር ሰው ምን ያምናል? «እገሌ ሻይ ጠጥቶ ተኛ፣ ሲነቃ ቁምጣው ተቀዷል» የሚል ወሬ በየዓመቱ አዲስ ሆኖ ይመጣል። ወሬውን አመኑ ብዬ ፈረድኩባቸው? የለም፣ እኔ ብሆን እኔም አልጠጣም ነበር። ስለዚህ እናቴ ጠላ ስታሳልፍ የምታደርገውን አደረግሁ። አገራችን አሳላፊዋ ጠብ አድርጋ በመዳፏ ካልቀመሰች መጠጡን ማን ይነካዋል? ከማንቆርቆሪያው ብቀምስላቸው ደግሞ «መድኃኒቱ ብርጭቆው ውስጥ ቢሆንስ?» ይላሉ። ስለዚህ ከየራሳቸው ብርጭቆ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ግራ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እቀምሳለሁ። ጠላ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሻይ የፈላ ነው። የዚያን ዘመን ብርጭቆ ደግሞ ጠርዙ ወፍራምና ቀጥ ያለ ስለነበር፣ ሻዩ መዳፌ ላይ ብቻ አይወድቅም፤ በብርጭቆው ሆድ ተንሸራቶ እስከ አንጓዬ ይወርዳል። በአጨዳ ወቅት መዳፌ ተልጦ፣ ቶቤን ጠቅልዬበት ነበር የምውለው። ገበያዬ ግን ደራ። «የዘርፌ ሻይ አያስተኛም» ተባለልኝ።

አድማሱ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የጎንደር ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ተሰዶ ካርቱም አንድ የብርጭቆ ፋብሪካ ገብቶ፣ ከተሸካሚነት ተነሥቶ ቅርጽ አውጪ ሆኗል። ብርጭቆው ምን ያህል ይወፍር፣ ወገቡ የት ይጥበብ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ስለዚህ አላመንኩትም። የፋብሪካ ሰው ፋብሪካው ውስጥ አይውልም? በየአጨዳው ወቅት እየመጣ እኔ ዘንድ ይቀመጣል፣ አንድ ሻይ አዝዞ እስኪቀዘቅዝ ያቆየዋል፣ ዓይኑ የሰው እጅ ላይ ነው። ፊት አያይም። እጅ ብቻ። ማሽላ ያጨደ እጅ ብርጭቆ እንዴት እንደሚጨብጥ፣ ነጋዴው በሁለት ጣቱ ጠርዙን እንዴት እንደሚያነሳ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ምንድን ነው የምታየው?» አልኩት።

«ብርጭቆ ፋብሪካ ውስጥ አይሠራም» አለኝ። «እዚህ ነው የሚሠራው። እኛ የምንሰጠው እሳቱን ብቻ ነው።»

እንዲህ ዓይነት ነገር ይናገራል። ሌላ ጊዜ ደግሞ «የተመሰገነ ብርጭቆ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ መመስገን ያለበት ሻዩ ነው» አለኝ። «ታዲያ ቂጡ ላይ ስምህን ለምን አትጽፍበትም?» ብለው፣ እንደ መደንገጥ ብሎ፣ «ስም ያለበት ብርጭቆ ጠጪውን እኔን እየኝ ይለዋል። የደከመው ሰው ሌላ የሚያየው ነገር አጣ?» አለኝ። ለነጋዴው ሌላ፣ ለሳሉጉ ሌላ ብርጭቆ መሥራትም እንደ ኃጢአት ነበር የሚቆጥረው። ቃሉ ያምራል። የሚያምር ቃል ሲበዛ ደግሞ እኔ ቦርሳዬን ነው የምይዘው።

ከሁሉ የባሰው የስባሪው ነገር ነው። ብርጭቆ በተሰበረብኝ ቁጥር ስባሪውን ስጪኝ ይለኛል፤ በምትኩ አዲስ፣ ሙሉ ብርጭቆ ከሻንጣው አውጥቶ ይሰጠኛል። እስቲ ፍረዱኝ፤ ስባሪ ተቀብሎ ሙሉ የሚሰጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ሙሉ ብርጭቆ ዝም ይላል፤ የሚናገረው ስባሪው ነው» አለኝ። ሳሉጎቹ ይህን ሲሰሙ ተቁነጠነጡ። ገሚሶቹ ጆሮ ጠቢ ነው አሉ፤ ያ ዘመን ሰው ከጥላውም ጋር ተማምኖ የማይሄድበት ነበር። ገሚሶቹ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከእሳት ጋር የሚሠራ ሰው ዓይኑ መልካም አይደለም፣ የጠጣንበትን ስባሪ የሚሰበስበው ከንፈራችን ስለነካው ነው፣ መተት ሊሠራበት ነው አሉ። አገራችን ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ሲያማ የኖረ አፍ፣ ብርጭቆ ሠሪ ሲያገኝ እንዴት ዝም ይበል?

እኔም አንድ ዘዴ ዘየድኩ። ማንም ያልጠጣበትን አዲስ ብርጭቆ በጨርቅ ጠቅልዬ በዘነዘና ሰበርኩና፣ «ዛሬ አንድ ሰው ጥሎት ነው» ብዬ ስባሪውን ሰጠሁት። የማንም ከንፈር የለበት፣ ምን ያደርገዋል ብዬ። ቂጡን አንሥቶ ወደ ብርሃን አየው። «ዘርፌ» አለኝ፣ «ከዚህ ብርጭቆ ማንም ጠጥቶ አያውቅም።» በማርያም! ጠንቋይ ካልሆነ በምን አወቀ? ያን ዕለት ሦስት ጊዜ አማተብኩ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም፤ ደንበኞቼ የሚሸሹት ይህን ሲሰሙ ነው።

በሚቀጥለው አጨዳ አድማሱ አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም። አዲስ ብርጭቆ ግን ገበያውን ሞላው። ሥሩ ወፈር፣ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ጠርዙ እንደ አበባ ከንፈር ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ ያለ። ከገዳሪፍ እስከ ከሰላ፣ በየሻይ ሻጯ ትሪ ላይ፣ በየቀብሩና በየሠርጉ ያ ብርጭቆ ሆነ። እኔም ገዛሁ። ጠርዙ ግን አጠራጠረኝ። አፉን ያወጡት ሻዩ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ፣ ቶሎም እንዲጠጣና ነጋዴው ብዙ ስኳር እንዲሸጥ ነው ብዬ ለብዙ ሰው አስረድቻለሁ። ያመነኝም አለ።

«ኻልቲ፣ ሀራም ነው» ብላ ሳራ ከሐሳቤ መለሰችኝ፤ ኻልቲ አክስቴ ማለቷ ነው፤ ዝላቢያዋን እያገላበጠች ሽማግሌው ያለኝን ሁሉ ሰምታለች። «ሽማግሌ ነው። አውቀዋለሁ በይና ይልቀቁት።»

«ዝም ብለሽ ጥበሺ» አልኳት። ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ፣ ትናንት ከካርቶን ያወጣሁትን አዲስ ብርጭቆ በጨርቅ ጠቀለልኩ፣ ዘነዘናውን አነሣሁ። ከዚያ ስባሪውን ሽማግሌው ፊት ዘረገፍኩት። «ትናንት ደንበኛ የሰበረው ነው። ኡስታ ከሆኑ፣ እንዴት እንደተሰበረ ይንገሩኛ!»

ቂጡን አነሣው። ወደ ብርሃን ያዘው፣ ከዚያ ዓይኖቹ ተጨማደዱ። «ዛሬም ዘርፌ?» አለኝ። «ከዚህም ማንም አልጠጣም። የማንኪያ ጭረት የለበትም። ስኳር ያልተማሰለበት ብርጭቆ ሥሩ ድንግል ነው። ያኔም ልነግርሽ ነበር፣ ስታማትቢ ሳይ ተውኩት።»

በጭረት! እኔ ስንት ዓመት በልቤ በጠንቋይነት ያማሁት በጭረት ኖሯል! ሳራ ጮክ ብላ ሳቀች። ልቤ ግማሹን ለቀቀ፤ ግማሹ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አሁንም ያንገራግራል። እውነተኛው አድማሱ ከመሞቱ በፊት ለዚህ ሰው አጫውቶት ቢሆንስ? በመኝታ ክፍል፣ በስደት፣ ሰው የማያወራው የለም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልኩት። «ይህ ጠርዝ ወጣ ያለው ለምንድን ነው? ስኳር ለማስፈጀት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። አንቱ ምን ይላሉ?»

«ግራ መዳፍሽን አሳዪኝ» አለኝ።

«መዳፍ አንባቢም ሆኑ ደግሞ?»

«አሳዪኝ።»

ዘረጋሁለት። አልነካኝም። ጎንበስ ብሎ ብቻ አየው፤ ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ አንጓዬ ያለውን ያን ጥንታዊ ጠባሳ። «ድኗል» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «የፋብሪካው አለቃ ጠርዙ ለምን ወጣ ብሎ ሲጠይቀኝ ለከንፈር ይመቻል አልኩት። ዋሸሁት። አንቺ ስትቀምሺ ሻዩ በሆዱ እየወረደ ያቃጥልሽ ነበር፤ ቶብሽን ጠቅልለሽበት ትውያለሽ። መቅመሱን ተዪው እንዳልልሽ፣ ብትተዪው ማንም አይጠጣልሽም። ሰዉን አትጠራጠሩ ማለት አይቻልም። ጥርጣሬን ብርጭቆ አያድነውም ዘርፌ፤ እንዳያቃጥል ማድረግ ግን ይቻላል። ጠርዙ ወጣ ሲል ጠብታው እየተቆረጠ መዳፍ ላይ ብቻ ይወድቃል። ስባሪ የሰበሰብኩት፣ ጠርዙ ያን ያህል ሲሳሳ የት ላይ እንደሚሰበር ለማወቅ ነበር። ቅርጹ ሲያልቅ ላሳይሽ ፈልጌ ነበር። እኔ ስቀመጥ ደንበኞችሽ እንደሚነሡብሽ ሳይ ግን ገበያሽን አልዘጋም ብዬ ቀረሁ።»

እውነት ነው፤ ያ ብርጭቆ ከመጣ ወዲህ አንድ ቀን ተቃጥዬ አላውቅም፤ ለምን ብዬም አልጠየቅሁም። በሁሉ ነገር ምክንያት የምፈልገው ሴትዮ፣ መዳፌ መዳኑን ብቻ ያለ ጥያቄ ተቀብዬው ኖሬአለሁ። ስንቱ አገር ከዚያ ጠርዝ ጠጥቷል፤ የማን መዳፍ እንደሆነ ከዚህ ሽማግሌ በቀር የሚያውቅ የለም። ተሰማኝ፤ በጣም ተሰማኝ። እንባዬን በቶቤ ጠረግሁና ጭሱ ነው አልኩ። ከሰሉ ግን ጨርሶ አይጨስም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ገበያው ጫፍ ቆመ። የጸጥታው ሰው ልጅ እግር ነው፤ ብዙ ጊዜ እኔ ዘንድ ሻይ ጠጥቷል። አድማሱ ከጎኔ በምበር ላይ ተቀምጧል፤ ትንሿን ፌስታሉን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ለመሄድም ለመቅረትም የተሰናዳ መስሎ።

«ያ ኻልቲ፣ ይህን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?» አለኝ ልጁ በዐረብኛ።

መጀመሪያ ሻይ ቀዳሁለት፤ እንደ ልማዴ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩና ሰጠሁት። ፉት አለ።

«ልጄ» አልኩት፣ «የሰጠሁህን ሻይ ሳትመረምር ለምን ጠጣኸው?»

«አንቺ ቀመስሽዋ» አለ፣ ግራ ገብቶት።

«እሱንም ቀምሼዋለሁ» አልኩት። ከዚያ በሕይወቴ ለማንም ብዬው የማላውቀውን ቃል አወጣሁ። «አና ዳምናሁ። ዋሱ እኔ ነኝ።»

ልጁ ወደ ሽማግሌው አየ፣ ወደ እኔ አየ። ገበያው እኔ ለወንድሜ እንኳ ዋስ እንዳልሆንኩ ያውቃል፤ እሱም ሰምቶ ይሆናል። ሻዩን ጨልጦ ብርጭቆውን ትሪው ላይ አኖረና «ታማም፣ ይሁን» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። የጫኗቸው ሰዎች ከላይ ሆነው ያዩናል። መኪናው ሲነሣ ዓይኔን ከእነሱ ላይ ማንሣት አቃተኝ፤ ከመካከላቸው ስንቱ እውነቱን ተናግሮ ይሆን?

አድማሱ ተነሥቶ፣ እኔን ሳይጠይቅ ማንቆርቆሪያውን አነሣና ሻይ ቀዳ። እንደ አገራችን ወግ ሊቀምስልኝ ግራ መዳፉን ዘረጋ፤ ብርጭቆውን ዘንበል ሊያደርግ ሲል አንጓውን ያዝኩት።

«ተው አንተ፣ ይቅርብህ» አልኩትና ተቀብዬ ጠጣሁ።

ስኳር አብዝቶበታል። ለምን እንዳበዛው ግን እስካሁን እያጠራጠረኝ ነው።